ድንጋይ የጎረሰው በር

ተረት ተረት!

የላም በረት!

ከዕለታት አንድ ቀን ቶሮንቶ በምትባል ከተማ፣ ዶን የሚባል ወንዝ ከጥንት ጀምሮ እየቦረቦረ ባወጣው ሸለቆ ግራና ቀኝ፣ ፊት ለፊት የሚተያዩ ቤቶች ነበሩ። በምዕራቡ አፋፍ ያሉት ቤቶች ሥራቸው መጣራት ነው። በምሥራቁ አፋፍ፣ ዳንፎርዝ የሚባለው ጎዳና ከሚጀምርበት ላይ ያለችው ቤት ደግሞ ሥራዋ መስማት ነው። የዚህች ቤት ባለቤት እመት አቤት ይባላሉ። ከማዶ የተጣራ ሁሉ «አቤት!» የሚል መልስ የሚጠብቀው ከእሳቸው ነበርና ስሙ በዚያው ጸናባቸው።

እመት አቤት ግን ቤታቸው ካልሞቀ ከመኝታቸው አይነሡም። ሙቀቱ ደግሞ የሚገባው በበር ነው። በምዕራቡ አፋፍ ላለው ለእያንዳንዱ ጠሪ በእሳቸው ቤት የራሱ ደጃፍ ተለይቶለታል። ከአንዱ በቀር በየደጃፉ ሁለት ዓይነት በር ጎን ለጎን ቆሟል፤ አንዱ ፈጠነ፣ ሌላው ታገሰ ይባላል።

ፈጠነ እንደ ስሙ ነው። ጥሪ ሲደርሰው በዐይን ጥቅሻ ወለል ይላል፤ ጨው ተሸካሚዎች እየተጋፉ ይገባሉ፤ ወዲያው ይዘጋል። ጨው ተሸካሚዎቹ ከነላባቸው ሲገቡ ቤቱ ሞቅ ይላል።

ታገሰ ሌላ ነው። ከባድ ነው፤ ቀስ ብሎ ይከፈታል፣ ቀስ ብሎ ይዘጋል። ቁልፉ ሁለት ቀዳዳ አለው። አንደኛው ቀዳዳ ከማዶ የሚመጣውን ጥሪ ይጠብቃል፤ ሁለተኛው የጎረቤት ቁራሽ ይጠብቃል። ቁራሹን ሳያሰልሱ የሚያቀብሉት አጥር የሚጋሩት አሮጊት እማማ ሙጫ ናቸው። ጥሪውም ቁራሹም ተሟልቶ ሳንቃው ቢላቀቅ እንኳ ታገሰ ሰው አያስገባም፤ አፉ ላይ ድንጋይ ተወትፎበታል።

አያ ጠሪ የሚባል የምዕራብ አፋፍ ነዋሪ ማታ ማታ «እመት አቤት! ቡናው ደርሷል!» ብሎ ይጣራል። ፈጠነ ይከፈታል። ጥቂት ጨው ተሸካሚዎች ይገባሉ። ቤቱ ለብ ይላል። እመት አቤት አንድ ዐይናቸውን ገልጠው መልሰው ይከድናሉ። በማግስቱም እንዲሁ፣ በሳልስቱም እንዲሁ። ጥሪው ይደርሳል፤ ግን ትናንት ለብ ያለው ቤት ዛሬም ለብ ከማለት አላለፈም።

የመንደሩ ሰው በታገሰ ላይ ማጉረምረም ጀመረ። «የማይከፈት በር ከግድግዳ በምን ይለያል? ብርዱ ሳይመጣ ፈልጠን እንማግደው» ተባለ። በሜፕል ዛፍ ሥር ሸንጎ ተቀመጡ። ከሳሹ ፈጠነ ነበር።

«እኔ በቀን ሺህ ጊዜ ስከፈትና ስዘጋ ይህ ወንድሜ ድንጋይ ጎርሶ ይቆማል። ማጠፊያችን የሚቀባው ዘይት ግን እኩል ነው። ይህ ፍርድ ነው?» አለ።

ዳኞቹ ወደ ታገሰ ዞሩ። ታገሰ ድንጋዩን እንደጎረሰ፣ በጥርሱ መካከል እንዲህ ሲል መለሰ፦

«ጌቶቼ፣ እኔ አላንቀላፋሁም። ድንጋዬን የሚያስለቅቀው የውጭ ጩኸት አይደለም፤ የቤቱ የራሱ ሙቀት ነው። ቤቱ ቢሞቅም ደግሞ ከማዶ የሚጣራ ከሌለ ሳንቃዬ አይላቀቅም። ጠሪው በጠራበት ሰዓት ቤቱም ሞቆ ከተገኘ ያን ጊዜ እከፈታለሁ። በእኔ በኩል የሚገባውንም ያን ጊዜ ታያላችሁ።»

«ምስክር አለህ?»

«አለኝ። ያ ድልድይ ይመስክርልኝ።»

በሸለቆው ላይ የተጋደመው ድልድይ ጉሮሮውን ጠረገና ቃሉን ሰጠ።

«እኔ ለሰው የተከፈትሁት በ1918 እ.ኤ.አ. ነው። የላይኛው ወለሌ ሳይውል ሳያድር ሥራ ጀመረ፤ እግረኛውንም ትራሙንም ተሸከመ። የሠሩኝ ሰዎች ግን ከሥሩ ሌላ ወለል አኑረውብኛል። አንድ ቀን ባቡር ይመጣል ብለው ነው። ያን ጊዜ ከተማው ውስጥ በምድር ሥር የሚሄድ ባቡር አልነበረምና የገንዘብ ብክነት ነው ተብሎ ብዙ ተነቀፈ። የታችኛው ወለሌ 48 ዓመት ሙሉ ነፋስ እየተመላለሰበት ባዶውን ቆየ። በ1966 የምድር ውስጥ ባቡሩ ዳንፎርዝ ሲደርስ ሸለቆውን የሚያሻግር አዲስ ድልድይ ፍለጋ አልሄዱም፤ በዚያ በተናቀው ወለል ላይ ሐዲድ ዘርግተው አሳለፉት። ዛሬም ያልፋል። ጌቶቼ፣ ባዶ ሆኖ የቆመና ተዘጋጅቶ የቆመ ከሩቅ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ። የሚለያቸው ቀኑ ነው።»

ሸንጎው ተመካከረና «ታገሰ በቦታው ይቆይ» ብሎ ፈረደ።

ብርዱ ገባ። አንድ ሌሊት ዝናብ ዘነበ፤ መሬት ሲነካ ግን ውሃ መሆኑ ቀርቶ በረዶ ሆነ። ቅርንጫፉ ሁሉ መስታወት የለበሰ መሰለ። ዛፎቹ ክብደቱን መሸከም አቅቷቸው እየተገነጠሉ በመብራት ሽቦ ላይ ወደቁ፤ ከተማው ጨለመ። በዚያ ሌሊት አያ ጠሪ እንደ ወትሮው አንድ ጊዜ ጠርቶ ዝም አላለም። «እመት አቤት! ቤታችሁ ብርድ ነው? ልጆቹስ?» እያለ ያለ ፋታ ተጣራ። የእሱ ድምፅ ብቻ አልነበረም። ከጎኑ ያሉትም ቤቶች አብረው ተጣሩ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ በየደጃፉ ያለው ፈጠነ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተከፈተ፤ ጨው ተሸካሚው እንደ ጎርፍ ገባ፤ ቤቱ ከጣሪያ እስከ ወለል ሞቀ።

ያን ጊዜ በታገሰ አፍ ውስጥ ያለው ድንጋይ ተንሸራቶ ወጣ። ጥሪው ገና በአየር ላይ ነው፤ የእማማ ሙጫ ቁራሽም በቀዳዳው ውስጥ ነው። ከባዱ በር ተከፈተ።

በፈጠነ በኩል ሲገቡ የኖሩት ጨው ተሸካሚዎች ናቸው፤ በታገሰ በኩል ግን ኖራ ጫኞችም ገቡ። ኖራ ማለት ግንብ የሚገነባበት፣ ግድግዳ የሚለሰንበት ነው። ብናኙ ቆጥ ላይ እስከተኙት አናጢዎች አፍንጫ ደረሰ። አናጢዎቹ እንቅልፋቸው ከባድ ነው፤ በአንድ ቁንጥር ኖራ አይነቁም። ያን ሌሊት የገባው ግን ጭነት ነበርና ሁሉም ብድግ አሉ። ከጓዳ ተዘጋጅተው የተቀመጡ በሮችን አወጡ፤ በአያ ጠሪ ደጃፍ ላይ በፈጠነ አምሳል አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ ሰቀሉ፤ ደጃፉንም አሰፉት። አንድ ደጃፍ ነበር፤ ከጥንት ጀምሮ ታገሰ ብቻ የቆመበት፣ ጥሪ ቢደርሰው እንኳ ድምፅ የማይሰማበት። ያን ሌሊት እሱም የመጀመሪያውን ፈጠነ አገኘ። ሌሊቱን ሙሉ ያልተጣሩት ቤቶች ደጃፍ ግን እንደነበረ ቀረ።

በማግስቱ ማታ አያ ጠሪ ድምፁ ዘግቶበት በሹክሹክታ «ቡናው ደርሷል» አለ። ቤቱ በአንዴ ሞቀ። እመት አቤት ብድግ ብለው «አቤት!» አሉ።

ፈጠነ ወደ ወንድሙ ዞረና «እኔ የበዛሁት በአንተ ነው። ይቅር በለኝ» አለው። ታገሰ ድንጋዩን መልሶ ጎርሶ ነበርና ራሱን ብቻ ነቀነቀ።

ተረቱ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ ይል ነበር።

አንድ ምሽት ግን አያ ወሬ የሚባል ሌላ የምዕራብ አፋፍ ነዋሪ ከሩቅ አገር ክፉ ነገር ሰማ። ይምጣ አይምጣ፣ ይሁን አይሁን ሳያጣራ አፋፍ ላይ ቆሞ በአንድ ትንፋሽ መቶ ጊዜ ጮኸ። የእሱን ጩኸት ሌሎች ተቀበሉት። ፈጠነዎቹ ሁሉ ተከፈቱ። ቤቱ ሞቀ፤ ይህ ግን የቁጣ ሙቀት ነው። ታገሰ የሙቀቱን ልክ እንጂ የሙቀቱን ምክንያት አይጠይቅም። ድንጋዩ ወጣ፣ ኖራው ገባ፣ አናጢዎቹ ነቁ። በአያ ወሬ ደጃፍ ላይ በሮች ተደረደሩ።

በዚያው ሰዓት፣ በዚያው አፋፍ የምትኖር አንዲት ጭምት ሴት ነበረች። ስሟ እመት ለሆሳስ ነው። ከድምፅዋ ቅጥነት የተነሣ የእሷ ጥሪ ብቻውን ታገሰን ከፍቶ አያውቅም። ያን ምሽት፣ ስለ ወሬው ምንም ሳትሰማ፣ እንደ ልማዷ «ቤቶች፣ እንደምን አመሻችሁ?» አለች። ቤቱ በአያ ወሬ ጩኸት ሞቆ ነበርና በእሷም ደጃፍ ያለው ድንጋይ ወጣ። አናጢዎቹ በእሷም ደጃፍ ላይ በሮች ሰቀሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እመት ለሆሳስ «እንደምን አመሻችሁ?» ባለች ቁጥር የእመት አቤት ቤት ይነድዳል። እመት አቤት ከመኝታቸው ዘለው ተነሥተው ይቆጣሉ፤ መስኮት ይዘጋሉ፤ ስሟን ያነሣ ይኮነናል። ሴትየዋ ምን እንዳጠፋች አታውቅም። እመት አቤትም ምን እንዳጠፋች ቢጠየቁ መልስ የላቸውም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። የተወጋ ቤት ግን በዚያ ሰዓት በደጅ ያለፈውንም ሰው ከወጋው ጋር አብሮ ያስታውሳል።

ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። «ጥፋቱ የታገሰ ነው፤ የቁልፉ ቀዳዳ በጭቃ ይደፈን» አሉ። ደፈኑት። ከዚያ በኋላ አዲስ ቂም አልገባም፤ ይህ እውነት ነው። የተሰቀሉት በሮች ግን እንደተሰቀሉ ቀሩ፤ የእመት ለሆሳስ ድምፅ እንደበፊቱ ቤቱን ያነድዳል። ሌላም ነገር መጣ። የእመት አቤት የልጅ ልጅ አዲስ ትምህርት ቤት ገብቶ ነበር። ወደ ቤት የሚመልሰውን መንገድ ዛሬ ያሳዩታል፣ ነገ ይጠፋዋል። ከነገ ወዲያም ያሳዩታል፣ ይጠፋዋል። ልጁ ሰነፍ አልነበረም። ቂም የሚገባበትን በር ሲደፍኑ ትምህርት የሚገባበትን ደፍነውበት ነው። ሽማግሌዎቹ አዘኑና ጭቃውን ጠርገው አወጡ።

ያን ጊዜ እማማ ሙጫ ከአጥራቸው ብቅ አሉ።

«ልጆቼ፣ በቁጣ የተሰቀለ በር በቁጣ አይወርድም። ስትቆጡ ቤቱ ይሞቃል፤ ቤቱ ሲሞቅ አናጢው ይነቃል፤ አናጢ ደግሞ መስቀል እንጂ ማውረድ አያውቅም። አውራጆቹ ሌሎች ናቸው። ደፍ ሥር የተኙት አፍራሾች እንቅልፋቸው ቀላል ነው፤ አንድ ቁንጥር ኖራ ይበቃቸዋል። እንግዲህ እመት ለሆሳስ ትጣራ። ግን ቀስ ብላ፣ ጠርታ ትንፋሽ እየወሰደች፣ ደግማ እየጠራች። እናንተም ቤቱን አታሙቁት፤ ማገዶ አትጨምሩ፤ አያ ወሬን አታስጠጉ። ዘጠኝ መቶ ጊዜ ያህል ትጥራ።»

«ዘጠኝ መቶ?»

«ዘጠኝ መቶ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። አንተም አያ ጠሪ ስማኝ። ይህ መድኃኒት ሁለት ስለት አለው። የቂምን በር የሚያወርደው እጅ የፍቅርንም በር ያወርዳል። ቡናውን አፍልተህ የምትጠራው ሙቀት የሌለው ጥሪ፣ ልብህ ሌላ ቦታ ሆኖ ለልማድ ያህል የምትጠራው ጥሪ ከበዛ፣ ያ የበረዶ ሌሊት የሰቀለልህን በሮች አንድ በአንድ ታጣቸዋለህ።»

እመት ለሆሳስ መጣራት ጀመረች። በእያንዳንዱ ጥሪ ድንጋዩ ጥቂት ፈቀቅ ይላል፤ አንድ ቁንጥር ኖራ ይገባል። አናጢዎቹ አይሰሙም። አፍራሾቹ ግን ተነሥተው አንድ በር ከማጠፊያው ያላቅቃሉ፤ አይሰብሩትም፣ ወደ ጓዳ ያስገቡታል። ስትጣራ መሸ። ስትጣራ ነጋ። ከብዙ ቀን በኋላ አንድ ምሽት «ቤቶች፣ እንደምን አመሻችሁ?» አለች፤ አንዱ ፈጠነ ብቻ ተከፈተ፤ ቤቱ ለብ አለ። እመት አቤት ድምፁን እንደ ድምፅ ሰሙት።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ምነው ጠፋሽ?» አሉ።

ዘጠኝ መቶ ጊዜ የተጣራችው ሴት መልስ አልሰጠችም። ነጠላዋን ተከናንባ ድልድዩን ተሻገረች። ከእግሯ በታች ባቡሩ ያልፍ ነበር።

ሰሙ ይህ ነው። ወርቁ ያለው ከራስ ቅላችን ሥር ነው።

ሸለቆው ሲናፕስ ነው፤ አንዱን የአንጎል ሕዋስ ከሌላው የሚለየው ክፍተት። ስፋቱ ወደ 20 ናኖሜትር ነው፤ የአንዲት ፀጉር ውፍረት በብዙ ሺህ እጥፍ ይበልጠዋል። ሕዋስ ማዶ ላለው ሕዋስ የሚጣራው ግሉታሜት በሚባል ኬሚካል ነው። በሮቹ ተቀባዮች ይባላሉ። ፈጠነ አምፓ የተባለው ተቀባይ ነው፤ የሚያስገባው ጨው ሶዲየም ነው። ታገሰ ኤንኤምዲኤ የተባለው ተቀባይ ነው፤ የጎረሰው ድንጋይ ማግኒዥየም፣ የሚያስገባው ኖራ ካልሲየም ነው። ሙቀት ያልሁት የሕዋሱ የኤሌክትሪክ መነቃቃት ነው። ነቁ ያልኋቸው አናጢዎችና አፍራሾች በሕዋሱ ውስጥ ያሉ ኢንዛይሞች ናቸው። እማማ ሙጫም አሉ፤ የነርቭ ሕዋሶችን ደግፈውና መግበው የሚያኖሩ ጎረቤት ሕዋሶች ግሊያ ይባላሉ፤ ቃሉ ከግሪክ ነው፣ ትርጉሙም ሙጫ ነው። ግሪኮች ከእኛ አስቀድመው በሰፈሩበት በዳንፎርዝ ጎዳና ይህን ቃል ማንሣት ደስ ይለኛል።

አብረው የሚነቁ ሕዋሶች ግንኙነታቸው ይጠነክራል የሚለውን ሐሳብ በ1949 በመጽሐፍ ያወጡት ካናዳዊው ዶናልድ ሄብ ነበሩ፤ ያስተምሩ የነበረው ሞንትሪያል ነው። ቲም ብሊስና ቴርዬ ሎሞ በኦስሎ በጥንቸል አንጎል ላይ ያዩትን በ1973 አሳተሙ፤ ለጥቂት ሰኮንድ የተደረገ ፈጣን ጥሪ ለሰዓታት የሚቆይ ጥንካሬ ትቶ ያልፋል። በሩ የትኛው እንደሆነ የታወቀው ግን በ1983 ነው። ግራሃም ኮሊንግሪጅና ባልደረቦቻቸው በቫንኩቨር ሆነው በብሪስቶል የተሠራ አንድ መድኃኒት ኤንኤምዲኤን ሲደፍን ተራው ጥሪ እንደሚቀጥል፣ አዲስ ጥንካሬ ግን እንደማይገኝ አሳዩ። የሽማግሌዎቹ ጭቃ ያ ነው። በ1984 የፓሪስና የአሜሪካ ተመራማሪዎች ድንጋዩ ማግኒዥየም መሆኑን ደረሱበት። በ1986 ሪቻርድ ሞሪስና ባልደረቦቻቸው ያንኑ መድኃኒት ለአይጦች ሰጥተው ውሃ ገንዳ ውስጥ ቢያስገቧቸው፣ አይጦቹ የተደበቀውን መቆሚያ ቦታ መማር ተሳናቸው። መንገዱ የጠፋው ልጅ እነሱ ናቸው።

ኮሊንግሪጅ፣ ብሊስና ሞሪስ በ2016 የአንጎል ሽልማት የተባለውን ታላቅ ሽልማት ተካፈሉ። ኮሊንግሪጅ ወደ ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ መጥተዋል። ከዳንፎርዝ ተነሥቶ በዚያ ድልድይ ወደ ምዕራብ የሚሄድ ሰው ጥቂት ጣቢያ አልፎ ከእሳቸው ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ይደርሳል። እዚያው አካባቢ ሲክ ኪድስ የሚባለው የሕፃናት ሆስፒታል አለ። በዚያ የሚሠሩት ሺና ጆስሊንና ባልደረቦቻቸው ከ2007 ጀምሮ በአይጦች ላይ ያሳዩት ነገር ለተረቴ መሠረት ሆኖኛል። አንድ አስፈሪ ነገር ሲደርስ ትውስታውን ለመያዝ የሚመረጡት ሕዋሶች በዚያ ሰዓት ለመነቃቃት ተዘጋጅተው የተገኙት ናቸው። አስቀድሞ የሞቀው ቤት ነው የሚመረጠው።

ቂሙንም ከራሴ አላመጣሁትም። በ1999 በአሜሪካ የታገሰን በር ረዘም ላለ ጊዜ ክፍት እንዲሆን ያደረጉላቸው አይጦች ከሌሎቹ ፈጥነው ተማሩ፤ ዓለም ተደነቀ። በ2001 ግን ከዚያው ቡድን አንዱ የነበሩት፣ በኋላ ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የገቡት ሚን ዡኦና ባልደረቦቻቸው እነዚያው አይጦች የሰውነት ክፍላቸው ሲያብጥና ሲቆጣ ሕመሙ ከሌሎቹ እንደሚበረታባቸው አገኙ። ትምህርቱና ሕመሙ የገቡት በአንድ በር ነው። እማማ ሙጫ ያዘዙት ዘጠኝ መቶም እውነተኛ ቁጥር ነው። ሴሬና ዱዴክና ማርክ ቤር በ1992 በሰኮንድ አንድ፣ በ15 ደቂቃ 900 ጊዜ ቀስ ብሎ የሚመጣ ጥሪ ግንኙነቱን እንደሚያላላ አሳይተዋል። በአንድ ሰኮንድ መቶ ጊዜ ሲጠራ የሚያጠነክረው ያው በር ነው።

ይህን ሁሉ የምተርክላችሁ በዚህ ከተማ ሸለቆ ተሻግረን የምንጠራራ ሕዝብ ስለሆንን ነው። አባት ልጁን በአማርኛ ይጠራል፤ ልጁ አይመልስም፤ አባት «ይህ ልጅ ግድግዳ ነው» ይላል። ልጁ ድንጋይ የጎረሰ በር ቢሆንስ? አባት የጠራው ከሁለት ፈረቃ ሥራ ደክሞ ገብቶ፣ ልጁ ዐይኑን ስልክ ላይ ተክሎ በቀዘቀዘበት ሰዓት ነው። ቋንቋ የሚገባው እናት እንጀራ ስትጋግር፣ አያት ከአገር ቤት በስልክ ሲስቁ፣ ቤቱ ሞቆ በተገኘበት ሰዓት ነው። ያን ሰዓት ይዞ የጠራ አባት ጥቂት ቃል ይበቃዋል።

ቡናችን ይህን ያውቃል ብዬ አምናለሁ። አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው በየመሐሉ ትንፋሽ እየወሰዱ ይከታተላሉ። ተመራማሪዎችም ለረጅም ጊዜ የሚጸና ጥንካሬ ሲፈልጉ ጥሪውን በደቂቃዎች እየለዩ ይደጋግሙታል። አያቶቻችን ነገር ከማንሣታቸው በፊት እጣኑን አጭሰው፣ ቁርሱን አዙረው ቤቱን ያሞቁ ነበር። በዲሴምበር 2013 በዚህ ከተማ በረዶ የሆነው ዝናብ ወደ 300,000 የሚጠጉ የመብራት ደንበኞችን ጨለማ ውስጥ ሲጥል፣ ያን ሌሊት በር ያንኳኳለትን ጎረቤት የረሳ ሰው አላውቅም።

አያ ወሬም በመካከላችን አለ። ከአገር ቤት ክፉ ዜና በስልካችን ሲደርስ ቤታችን ይነድዳል። በዚያች ሰዓት ከአጠገባችን ያለፈው፣ ሰላም ያለን፣ ስሙ ወይም ቋንቋው ከዜናው ጋር የገጠመው ሰው ነው በደጃፉ ላይ በር የሚሰቀልበት። ስንት እመት ለሆሳስ በዚህ ጎዳና ላይ ሰላምታዋ ተመልሶባት ቀርቷል! ከመቆጣታችን በፊት «ይህች ሴት ምን አደረገችን?» ብለን ብንጠይቅ፣ ለብዙዎቻችን መልሱ «በዚያ ሰዓት እንደምን አመሻችሁ አለችን» የሚል ብቻ ይሆናል።

ከካስል ፍራንክ ጣቢያ ወደ ብሮድቪው ጣቢያ ስትጓዙ ባቡሩ ከዋሻው ይወጣና ብርሃን ይገባል፤ ዛፎቹና ወንዙ ከታች ይታያሉ። ያ ወለል ባዶውን 48 ዓመት የጠበቀው ወለል ነው። በዚያ ስታልፉ ያኮረፋችሁትን አንድ ሰው አስቡና ማታ ደውሉለት። ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ። ባይመልስ ነገም ደውሉ። እመት ለሆሳስ ስንት ጊዜ እንደጠራች ታውቃላችሁ።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ።